ለምዶታል

ዶክተር ሶፊ «ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል» ስትል ጎማው የሚጮህ የምግብ ጋሪ በሩ ላይ ደርሶ ነበርና፣ አብዱልወሀብ የሰማው «መድኃኒቱን ለምዶታል» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ!» አለ። ድምፁ ስምንቱንም አልጋ አዳረሰ። ዶክተሯ ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችው። በእጇ የያዘችው የሦስት ቀን የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ሦስት መድኃኒት ተሞክሮ ሦስቱም አልሠራም ይላል። ደሴ ከመጣች ሰባት ወሯ ነው። የወሎ ሰው ክፉውንም ደጉንም በምስጋና ይቀበላል ሲባል ሰምታለች፣ ይህን ያህል ግን አልጠበቀችም። በዚያ ላይ ተረኛ ሆና አድራ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከኮሪደሩም ነርሷ ደጋግማ ትጠራታለች። ስለዚህ ምስጋናውን ለእምነት ጥንካሬ ሰጥታ አለፈችው።

«ቁስሉ ላይ ያደረጋችሁበት ነገር አለ? ቅጠል፣ ቅባት፣ ዱቄት?»

«ምንም» አለ አብዱልወሀብ።

«ለዶሮዎቹስ ምን ትሰጧቸዋላችሁ?»

«ቫይታሚን።»

«ቫይታሚን ብቻ?»

«ቫይታሚን ብቻ፣ ዶክተር።» ወላሂ ብሎ ሊያጠብቀው ነበር፤ ወላሂዋን ግን ተዋት። ዶክተሯ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ ስለ ጣታቸው ይወስናል» ብላ ወጣች። አብዱልወሀብ ይህንንም ወደ ቤት ስለ መግባት እንደሚወስን አድርጎ ተረዳው። ሰው ደስ ሲለው ሁሉም ነገር ደስ የሚል ሆኖ ይሰማዋል።

እናቱ እመት ሐዋ በመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ፣ ቀኝ እጃቸውን ትራስ ላይ አጋድመው፣ ጉም የለበሰውን ጦሳ ተራራ ያያሉ። ልጃቸው «ምንም» ሲልም ወደ ተራራው ነበር የሚያዩት፣ «ቫይታሚን» ሲልም እንደዚያው። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ኮምቦልቻ፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለው የዶሮ ቤት ውስጥ፣ አንድ አውራ ዶሮ አውራ ጣታቸውን ወጋቸው። «አውራው አውራውን መረጠ» ብለው ስቀው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጣቱ አበጠ። በአምስተኛው ቀን አብዱልወሀብ ለዶሮዎቹ ከሚበጠብጠው ዱቄት ቆንጥሮ ቁስሉ ላይ ነሰነሰ፤ ሦስት ቀን ማለዳ ማለዳ እየነሰነሰ በነጭ ጨርቅ አሰረው። በስምንተኛው ቀን ጣቱ ወይባ ቀለም ያዘና ደሴ አመጣቸው። ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ እናትና ልጅ ስለ ሁሉም ነገር አውርተዋል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ። ስለ ዱቄቱ አንድም ቀን አልተነሳም። እመት ሐዋን የሚያሳፍራቸው ሌላ ነው። ከጎናቸው የተኛችው ሴት እግሯን የመኪና ጎማ ረግጧት ነው፣ ከበሩ አጠገብ ያለችው ዳገት ላይ ወድቃ ነው። «እኔ ዶሮ ነክታኝ ልሙት? ጅብ ቢሆን እንኳ ወግ ነበረው» ይላሉ።

ዱቄቱን ቫይታሚን ያለው አብዱልወሀብ አይደለም፤ ሻጩ ሀፊዝ ነው። ኮምቦልቻ ገበያ ዳር የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጠው ሀፊዝ ነጭ ጋወን ስለሚለብስ ሰዉ ዶክተር ይለዋል፤ ጋወኑ ግን ፋርማሲ ይሠራ የነበረው የሚስቱ ወንድም ትቶለት የሄደው ነው። እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ቫይታሚን ነው። ዶሮ ሲያስነጥሳት ቫይታሚን፣ እንዳያስነጥሳት ቫይታሚን፣ ጎረቤቷ ስታስነጥስ እሷ ደህና ብትሆንም ቫይታሚን። ፓኬቱ ላይ ክንፏን ወገቧ ላይ አድርጋ የምትስቅ ዶሮ አለች። ሀፊዝ ሲሸጥ «ከሰጠሃቸው በኋላ ሰባት ቀን እንዳታርድ፣ እንዳትሸጥ» ይላል፤ ቫይታሚን ከሆነ ሰባት ቀን ለምን ይጠበቃል ብሎ የጠየቀው ሰው እስካሁን የለም። አብዱልወሀብም ይህን ጥያቄ በልቡ ካሰበው ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ጮክ ብሎ አላሰበውም እንጂ።

ኮሪደር ወጥቶ ለሚስቱ ደወለ።

«ነጂ! ለምዶታል!»

«ማን?»

«የእማ ቁስል! መድኃኒቱን ለምዶታል። ዶክተሯ አሁን ነገረችኝ፣ በላቦራቶሪ አይተውት ነው።»

ነጂባ እልልታውን ስልኩ ውስጥ ለቀቀችው፤ አጠገቡ ወረፋ የሚጠብቁ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩት። «ሰደቃ አለብን፣ አብዱ። እማ ትሻላት እንጂ ብዬ ተናግሬያለሁ። ሼህ ሙንዚርን አሁን እጠራለሁ።»

«ሁለት ዶሮ አሳርጂ።»

«ሁለትማ ነውር ነው። አራት።»

«እሺ አራት። ግን ከዳር ካሉት።»

ከዳር ያሉት ማለት ደከም ብለው በሽቦ የተለዩት ናቸው። ማታ ማታ ኮምቦልቻ እየወረደ ዱቄቱን ካስጀመራቸው ሁለት ቀናቸው ነው። አብዱልወሀብ አላህን ይፈራል፤ ሰባት ቀን ያልሞላውን ዶሮ ገበያ አውጥቶ አይሸጥም፣ ማታለል ነዋ። ሰደቃ ግን ሽያጭ አይደለም። ደግሞም፣ ብሎ አሰበ፣ መድኃኒት የጠጣ ዶሮ ለበላው ሰው መድኃኒት ቢሆነው ነው እንጂ ምን ይጎዳዋል? ነገሩን በዚህ ሲዘጋው ቀለለው።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ብሎ በባጃጅ ፒያሳ ወረደ። ነገ ስልሳ ዶሮ የሚቀበለው ሆቴል እዚያ ነው፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊ አባይነሽ ትባላለች፣ ጓሮ በር ላይ ቆማ ሽንኩርት ጫኝ ትቆጣለች። ስታየው ቁጣውን አቆመች። የእሱ ዶሮዎች ሲመጡ ደስ ይላታል፤ የሌላ ሰው ዶሮ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ብርድ ውስጥ ሲገባ ግማሹ አንገቱን ይደፋል፣ የአብዱልወሀብ ዶሮዎች ግን ከመኪናው ጣሪያ ላይ ወርደው ተራምደው ወጥ ቤት የሚገቡ ይመስላሉ። «ኧረ ምን እያበላሃቸው ነው?» አለችው እንደ ሁልጊዜው። «ቫይታሚን» አላት እንደ ሁልጊዜው። የእናቱን ነገር ጠየቀችው፣ ለምዶታል አላት፤ እሷም እሰይ አለች፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ ሽንኩርት ጫኙም ቁጣው ስለቀረለት እሰይ አለ። አብዱልወሀብ ለእናቱ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛ። የብርቱካን ዋጋ ሲነግሩት ሌላ ቀን ቢሆን ይጣላ ነበር።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ከእመት ሐዋ ጎን የተኛችው አልታየች፣ መኪና የረገጣት፣ ከጃማ በኩል የመጣች ሴት ናት። እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋው ጫፍ ላይ እንደ ሕፃን ተኝቷል፤ አፏ ግን አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።

«አንተ ሰው፣ ጠዋት ምን አገኘህና ነው እንደዚያ ያመሰገንክ?»

«መድኃኒቱን ለምዶታል ስላሉኝ ነዋ፣ እትዬ።»

«ማን ነው የለመደው?»

«ቁስሉ።»

«ቁስሉ አይደለም። ጀርሙ ነው ያለችህ። እኔ የሞተው እግሬ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው።» አልታየች በክርኗ ቀና አለች። «ባሌን አታውቀውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሰድቤዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ስሰድበው ያለቅስ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ደጅ ይወጣ ጀመር። አሁን ፊቱ ቆሜ ስሰድበው ጨው አቀብይኝ ይለኛል። ለምዶታል ማለት ያ ነው። ወደደው ማለት አይደለም፤ አይነካውም ማለት ነው።»

አብዱልወሀብ ብርቱካኑን እንደያዘ ቆመ። ከወዲያኛው አልጋ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ቀጥላም የሳቀችበትን ነገር ስታስበው ዝም አለች። እመት ሐዋ ከጦሳ ላይ ዓይናቸውን ነቀሉ።

«እና የእኔው ጀርም ጨው አቀብሉኝ እያለ ነዋ» አሉ።

«እማ፣ አንች ገብቶሽ ነበር?»

«ለምዶታል ስትል ሰማሁ። ከዚያ አንተን አየሁህ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርስህን ሳየው ምን ልበልህ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ብርቱካኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ አላገኘምና ጭኑ ላይ አደረገው። የእናቱ ተስቢህ በግራ እጃቸው ነው። ቀኝ እጃቸው ደህና በነበረበት ጊዜ አውራ ጣታቸው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየገፋች፣ እሳቸው ከሰው ጋር ሲያወሩ እንኳ እሷ ሥራዋን አታቆምም ነበር። ልጆች ሆነው የእናታቸው ጣት ራሷን ችላ የምትሰግድ ይመስላቸው ነበር። አሁን ግራው ፍሬዎቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ያዘልላል። እመት ሐዋ ይሳሳቱና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ዶክተር ሶፊን ከነርሶቹ ክፍል ጫማዋን አውልቃ ሻይ ስትጠጣ አገኛት።

«ዶክተር፣ አፉ በሉኝ፣ ይቅርታ፣ ጠዋት አልገባኝም ነበር።»

«እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ» አለች። ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። ወረቀቱን አውጥታ አሳየችው። የቀሩት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፤ ለሁለቱ የሚሆነው መፈተሻ ከላቦራቶሪው አልቋል፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። አንዱ ሲፕሮ ነው። ሌላው ጄንታማይሲን የሚባል መርፌ ነው፣ በሰባ ዓመት ሰው ኩላሊት ላይ ይከብዳል። ስለዚህ በሲፕሮ ልትጀምር ነው። ሲፕሮውም ተለምዶ ከሆነ ግን የሚባክነው ሦስት ቀን ነው፣ ጣታቸው ደግሞ የሚባክን ሦስት ቀን የላትም፤ ቀዶ ሐኪሙም ያንን አይቶ ዛሬውኑ ልቁረጥ ይላል። «ዶሮዎቹ የጠጡትን ባውቅ ኖሮ አንዱን እሰርዝ ነበር። ቫይታሚን ግን አይጠቅመኝም። ቫይታሚንን የሚለምድ ጀርም የለም።»

አብዱልወሀብ የበሩን እጀታ አየ። «ቫይታሚን ነው ብለው ነው የሚሸጡልን።»

«ስሙስ?»

«ስሙን አላውቀውም። ዶሮ አለችበት። ትስቃለች።»

ዶክተሯ ሻይዋን አስቀመጠች። «ፓኬቱን ያምጡልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ። ከተቆረጠ በኋላ ቢያመጡት ለማስታወሻ ነው የሚሆነው።»

ሊወጣ ሲል ተመለሰ። «ዶክተር… አንድ የማውቀው ሰው፣ ያንን ጠጥቶ ሰባት ቀን ያልሞላው ዶሮ ዛሬ ሊያርድ ነበር።»

አተኩራ አየችው። «ያ የሚያውቁት ሰው ይተወው። የመድኃኒቱ ቅሪት ከሥጋው እንዲወጣ ነው ሰባቱ ቀን። ጀርሙስ በደንብ ከበሰለ ይሞታል፤ ክፉው ጥሬው ነው። የዶሮ ቤቱን የነካ፣ ላባ የነጨ፣ አንጀት ያወጣ እጅ፣ የታረደበት ቢላዋ፣ የታጠበበት ውሃ። በሳሙና ይታጠቡ። ያ የሚያውቁት ሰው በተለይ ይታጠብ።»

ለነጂባ ደወለ፤ አላነሳችም። ሰደቃ ያለበት ቤት ስልክ አይሰማም። ፓኬቱ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ገዢ እንዳያየው በዶሮ ቤቱ ቆርቆሮና በወራጁ መሀል ይወሽቀዋል። መናኸሪያ ሄዶ ሚኒባስ ገባ። መኪናው እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ለሰው ማስረዳት አይቻልም፤ ረዳቱ «ኮምቦልቻ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሦስት ሰው አስገባ። ሀረጎን ሲወርዱ ጉሙ ወደ ኋላ ቀረ፣ ጆሮው ተደፈነና ተከፈተ፣ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። በየመታጠፊያው ይደውላል። በየመታጠፊያው ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አጠገቡ ያሉት ሴት «አብሽር ልጄ፣ ደህና ይሆናል» አሉት፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ። አሚን አላቸው።

ቤቱ ሲደርስ በሩ ላይ የጫማ ክምር አለ። ሽታው ደጅ ድረስ ደርሷል፤ ነጂባ ለደስታ ስትሠራ ቅመም አትሰስትም። ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ሳህኖቹ ባዶ ናቸው፣ አጥንቱ ተሰብስቧል። ጥጉ ላይ ጎረቤቱ ያዕቆብ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል። ያዕቆብ ፕሮቴስታንት ነው፤ ፓስተሩ የሙስሊም ሥጋ ብትበላ ምንም አይደለም ቢለውም እናቱ ምንም ነው ስላለችው፣ ለእሱ ሁልጊዜ እንቁላል ይቀቀላል። እንቁላል አራጅ የለውምና ሁለቱንም ወገን ያስማማል። ያዕቆብም በጓሮው መቶ ሃምሳ ዶሮ አለው።

ሼህ ሙንዚር ዱአ ላይ ናቸው። የሁሉም መዳፍ ተዘርግቷል።

«ለሐዋ መድኃኒቱን ያስለመድክላት ጌታ፣ ምስጋና ይድረስህ!»

«አሚን!»

«ያልለመደው የቀረ ካለ ዛሬውኑ አስለምደው!»

«አሚን!»

«እኛንም፣ ልጆቻችንንም፣ ጎረቤቶቻችንንም እንደ ሐዋ አስለምደን!»

«አሚን እንዳትሉ!» አለ አብዱልወሀብ ከበሩ።

ሃያ ጥንድ መዳፍ አየር ላይ ቀረ። ሼህ ሙንዚር ዓይናቸውን ገለጡ። አርባ ዓመት ዱአ ሲያደርጉ አሚን እንዳትሉ ያለ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። «አብዱልወሀብ ነህ ወይስ ሌላ ነገር ነው ያለብህ?» አሉ። ነጂባ የውሃ ጆጉን እንደያዘች ከጓዳ በር ላይ ቆመች።

ሊል የፈለገው አጭር ነበር፤ ፓኬቱን ወስዶ መሮጥ ብቻ ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን እነዚያ መዳፎች እስካሁን አልወረዱም። ሃያው ሰው አሚን ለማለትም ላለማለትም የእሱን ቃል ይጠብቃል። «አልዳነችም» አለ። «ለምዶታል ያሉት ጀርሙን ነው። መድኃኒቱን ለምዶታል፣ አይነካውም ማለት ነው። ጣቷን ዛሬ ሊቆርጧት ነው። ጀርሙ ደግሞ ከእኛው ጓሮ ነው የመጣ።» ውሃ ጠየቀ፤ ማንም አልሰጠውም። «ለዶሮዎቹ የምሰጣቸው ቫይታሚን አይደለም። መድኃኒት ነው። ሳይታመሙም እሰጣቸዋለሁ። የበላችኋቸው አራቱ ከጀመሩ ገና ሁለት ቀናቸው ነው፣ ሰባት መጠበቅ ነበረብኝ። ለሽያጭ ባይሆኑም ለሰደቃ ይሆናሉ ብዬ ነው። አፉ በሉኝ።»

ነጂባ ጆጉን መሬት አስቀመጠች። «አብዱ፣ ከዳር ካሉት ስትለኝ ለነፍስህ ብለህ ለሰደቃ የለየሃቸው መስሎኝ ነበር» አለች።

«በቢስሚላህ ነው የታረዱት» አሉ ሼህ ሙንዚር ቀስ ብለው። «ሐላል ናቸው።»

«ሐላል ናቸው፣ ሼህ።»

«ግን ንጹሕ አይደሉም ነው የምትለን።»

«ሰባት ቀን አልሞላቸውም ነው የምል።»

ሼሁ መዳፋቸውን አዩ፤ ወደ ሰማይ የዘረጉት ያው መዳፍ ቅድም ያጎረሰ መዳፍ ነው። አንድ ሽማግሌ «እኔማ ዶሮው መድኃኒት ካለበት ሳሌ ይለቀኛል» አሉ፤ የሳቀላቸው አልነበረም። ሴቶቹ እጃቸውን ያሸትታሉ። አብዱልወሀብ ዶክተሯ ያለችውን ደገመላቸው፤ የበሰለው ይሻላል፣ ክፉው ጥሬው ነው፣ ላባ የነጨ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ቢላዋው በፈላ ውሃ ይቀቀል። ይህን ሲል ዓይኑ ያዕቆብ ላይ አረፈ። ያዕቆብ ግማሽ እንቁላል በእጁ፣ ግማሹ በጉንጩ ነው። አያኝክም።

«ሀፊዝ ነው የሸጠልህ?» አለ ያዕቆብ እንቁላሉን ሳይውጥ።

«ሀፊዝ።»

«የምትስቀዋ ዶሮ?»

«እሷው።»

ያዕቆብ ተነስቶ ወጣ። አብዱልወሀብ ከዶሮ ቤቱ ወራጅ መሀል ፓኬቱን መዝዞ ሲመለስ፣ ያዕቆብም የራሱን ፓኬት ይዞ አጥሩ ጋ ጠበቀው። ሥዕሏ ያችው ናት፤ ክንፏ ወገቧ ላይ ነው፣ ትስቃለች። ጽሑፉ ግን ትንሽ ይለያል። «ይኼንንም አሳያት» አለው። «ለእኔ የእንቁላል ቫይታሚን ነው ብሎ ነው የሰጠኝ። ለልጆቼ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ነው የማበላቸው፣ አብዱ።»

«ሥራህን ታጣለህ እኮ።»

«አንተስ?»

አብዱልወሀብ ሁለቱን ፓኬቶች ኪሱ ከተተ። ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ለአባይነሽ ደወለ። የነገው ስልሳ ዶሮ እንደማይመጣ ነገራት። «ሞቱ እንዴ?» አለች። አልሞቱም፣ ቫይታሚን እየጠጡ ያደጉ ናቸው አላት። «ቫይታሚን የጠጣ ዶሮ አልፈልግም ያልኩህ መቼ ነው?» አለች፣ ሳቀች። አብዱልወሀብ ቫይታሚን የሚለው ሌላ ነገር እንደሆነ፣ አሥር ቀን ቆይቶ አንድም ሳይሰጣቸው የሚያመጣላት ዶሮ ቀጭን እንደሚሆን፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ አንገቱን ሊደፋ እንደሚችል አንድ በአንድ አስረዳት። ሳቋ ቆመ። እንግዲያው ከሌላ ሰው እወስዳለሁ አለችና ዘጋችው። ዶሮ የምትወስድበትን ሰው አብዱልወሀብ ያውቀዋል። እሱም የሀፊዝ ደንበኛ ነው።

ሆስፒታል ሲደርስ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቀድሞ መጥቶ የእመት ሐዋን እጅ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አብዱልወሀብ እያለከለከ ሁለቱን ፓኬቶች ለዶክተር ሶፊ ሰጣት። ወደ መስኮቱ ይዛቸው ሄደች፣ ደቃቁን ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኗ ሥር አስጠጋችው፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ደረት ኪሷ ውስጥ የነበረውን እስክሪብቶ አወጣችና ከወረቀቷ ላይ ሲፕሮ የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘችው።

«የሁለቱም ስም ሌላ ነው እንጂ ከሲፕሮ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው» አለች ለቀዶ ሐኪሙ። «በዚህ ጀምሬ ቢሆን ሦስቱ ቀን አልቆ ነበር። በጄንታማይሲን እንጀምር፣ ኩላሊታቸውን በየቀኑ አያለሁ።»

ሐኪሙ የእመት ሐዋን ጣት አንዴ ጫን አደረጋት። «ሦስት ቀን» አለ። «ከዚያ ወዲያ ግን እቆርጣለሁ።»

ሊወጣ ሲል አብዱልወሀብ «ዶክተር» አለ፤ ሁለቱም ዞሩ። «ቁስሉ ላይም ነስንሼበታለሁ። ያንን ዱቄት። ሦስት ቀን ሙሉ። ጠዋት ስትጠይቁኝ ምንም ያልኩት ውሸት ነው።» ዶክተር ሶፊ ጻፈችው። ስትጽፍ ያን ያህል ረጅም ጊዜ የፈጀባት ለምን እንደሆነ አብዱልወሀብ አልገባውም፤ ጥቂት ቃላት ናቸው። ከዚያ መርፌውን ልታዝ ወጣች፣ ሐኪሙም ተከተላት።

ጉሙ ከጦሳ ላይ ተነስቷል። አብዱልወሀብ ከአልጋው ሥር ባለው ዱካ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል፣ ልጦም አይሰጣቸውም፣ ሌላ ያነሳል። መጀመሪያ ግን ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ቧንቧ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጥቧል፣ ሁለት ጊዜ። እመት ሐዋ በግራ እጃቸው ተስቢሁን ይዘው ቆይተው ቆይተው አንዷን ፍሬ ብቻ፣ ሳያዘልሉ፣ ገፉት።

«አብዱ።»

«አቤት፣ እማ።»

«አፉ በሉኝ ብለህ ለሰው ሁሉ ስትናገር ዋልክ አሉ። ነጂባ ደውላ ነበር። እኔንስ?»

ብርቱካኑን አስቀመጠ። «አፉ በይኝ፣ እማ።»

«ስለ ዱቄቱ ነው ወይስ ስለ ውሸቱ?»

«ስለ ሁለቱም።»

እመት ሐዋ ደህና የሆነውን እጃቸውን ዘርግተው የአርባ ስድስት ዓመት ልጃቸውን ጆሮ ያዙ፤ ልጅ ሳለ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ እጁን ሲያገኙት እንደሚይዙት አድርገው፣ ያኔ የሚሉትንም አሉት።

«እንዳይለምድህ።»